የተጎዳ በለስን መለየት፣ ማዳንና መንከባከብ

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ፤ አዲ አርቃይ ወረዳ

መግቢያ

በወረዳችን ዋናው ዝናብ የሚገኘው በክረምት ነው። ከመስከረም በኋላ እስከ ግንቦት ያለውን ረጅም በጋ ሰውም ከብቱም የሚሻገረው ክረምቱ ባስቀመጠለት ነው። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በዞናችን በጃናሞራ፣ በበየዳና በጠለምት የደረሰው ድርቅ ይህ ማስቀመጫ ባዶ ሲሆን ምን እንደሚከተል አሳይቶናል። ሰብሉ ጠፋ፣ መኖና ውሃ ታጣ፣ ከብት አለቀ።

በለስ ውሃን በገላው ውስጥ አስቀምጦ በጋን የሚያልፍ ተክል ነው። በጓሮ አጥር ይሆናል፤ ፍሬው ይበላል፣ ይሸጣል፤ ገለባ ሲያልቅ ቅጠሉ ለከብት መኖ ይሆናል፤ በገደላማ መሬት አፈር ይይዛል። በዚህ ጽሑፍ በለስ ስንል ፍሬው የሚበላውን፣ ጠፍጣፋ ቅጠል ያለውን እሾኻማ ተክል ማለታችን ነው። ነጭ ወተት ከሚያወጣው ከአገራችን ቁልቋል ጋር መምታታት የለበትም።

ብዙ ሰው «በለስ አይሞትም» ብሎ ስለሚያምን ዓመቱን ሙሉ ሳያየው ይከርማል። መጠውለጉን ሲያይ ደግሞ ወዲያው ውሃ ያፈስበታል። ውሃ የጠማውን በለስ ያድነዋል፤ ሥሩ የበሰበሰውን ግን ይገድለዋል። ሁለቱም ከሩቅ ሲታዩ አንድ ዓይነት ጠውልገዋል። ስለዚህ የዚህ ትምህርት ዋና ቁም ነገር፣ መጀመሪያ ተክሉ የተጎዳበትን ምክንያት መለየት፣ መፍትሔውንም ከዚያ በኋላ መስጠት የሚለው ነው።

የትምህርቱ ዓላማ

ከዚህ ሥልጠና በኋላ እያንዳንዱ ሞዴል አርሶ አደር፦
• የጠማውን፣ የበሰበሰውን፣ በተባይ የተያዘውንና ከመጠን በላይ የተቆረጠውን በለስ ይለያል፤
• ለእያንዳንዱ ተገቢውን እንክብካቤ ያደርጋል፤
• ኮቺኒል የተባለውን ተባይ አውቆ ወደ ማሳው እንዳይገባ ይከላከላል፤
• በልማት ቡድኑ ላሉ ጎረቤቶቹ ይህንኑ በተግባር ያሳያል።

1. በለስ ውሃን እንዴት ይጠቀማል?

ማሽላና ጤፍ በቅጠላቸው ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች በቀን ከፍተው አየር ያስገባሉ። በዚያው ቀዳዳ ውሃቸው በፀሐይ ይተናል። በለስ ግን ቀዳዳውን በቀን ዘግቶ የሚከፍተው ሌሊት፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ ነው። በሌሊት ያስገባውን አየር አስቀምጦ በማግሥቱ ፀሐይ ስትወጣ ምግቡን ይሠራበታል። ገላውም በሰም የተሸፈነ ስለሆነ ውሃው በቀላሉ አያመልጥም።

ቅጠል የምንለው ጠፍጣፋ አካል በእውነቱ የተክሉ ግንድ ነው። ከ100 ኪሎ እርጥብ ቅጠል ውስጥ 90 ኪሎ ያህሉ ውሃ ነው። ሥሩ ደግሞ ጥልቅ አይደለም፤ አብዛኛው ከአፈሩ የላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ወደ ጎን ተዘርግቶ ይገኛል። ከዚህ ሦስት ነገሮችን እንረዳለን፦

ሀ) ትንሽ ካፊያም ቢሆን ለበለስ ይጠቅመዋል፤ ሥሩ ከላይ ስለሆነ ቶሎ ይጠጣል።
ለ) ውሃ የሚተኛበት ጥቁር አፈር ሥሩን አፍኖ ያበሰብሰዋል። ለበለስ የሚስማማው ውሃ የሚያሳልፍ፣ ጠጠርማ፣ ተዳፋት መሬት ነው።
ሐ) በግንዱ ዙሪያ በጥልቀት መቆፈር ወይም ማረስ ሥሩን ይቆርጣል። አረሙን በእጅ መንቀል ወይም ከላይ ከላይ መኮትኮት ይበቃል።

2. ከማከም በፊት መመርመር

ምርመራው በአንድ ተክል ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል። ሦስት ነገር አድርጉ።

አንደኛ፣ እዩ። ከላይ ጀምራችሁ እስከ ግንዱ ሥር የቅጠሉን ቀለም፣ ውፍረትና ሁለቱንም ገጽ ተመልከቱ። ሁለተኛ፣ ጫን በሉ። እሾኹ እንዳይወጋችሁ ወፍራም ጨርቅ ወይም ቆዳ ይዛችሁ ቅጠሉንና ከአፈር ጋር የሚገናኘውን የግንዱን ክፍል ተጫኑ። ሦስተኛ፣ ቆፈር አድርጉ። ከግንዱ አንድ ስንዝር ያህል ርቃችሁ በእጅ ጥልቀት አፈሩን ገልጣችሁ እርጥበቱንና ሥሩን እዩ። ከዚያ ያገኛችሁትን ከሚከተሉት ምልክቶች ጋር አነጻጽሩ።

የጠማው በለስ፦ ቅጠሉ ቀጥኗል፣ ተሸብሽቧል፣ ወደ ታች ዘንብሏል። የግንዱ ሥር ግን ጠንካራ ነው። ትንሽ ቢቆረጥ ውስጡ አረንጓዴና ንጹሕ ነው። አፈሩ ደረቅ ነው።

ሥሩ የበሰበሰ በለስ፦ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። የግንዱ ሥር ጠቁሯል ወይም ቡናማ ሆኗል፤ ሲጫኑት ይሰረጉዳል፣ ውሃ ያወጣል፣ ይሸታል። ብዙ ጊዜ አፈሩ እርጥብ ነው።

በኮቺኒል የተያዘ በለስ፦ በቅጠሉ ላይ፣ በተለይ ነፋስና ፀሐይ በማይደርስበት ገጽና በመገጣጠሚያው ላይ፣ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ተለጥፏል። በእንጨት ሲፈጩት ደም የመሰለ ቀይ ቀለም ያወጣል።

ከመጠን በላይ የተቆረጠ ወይም በከብት የተጋጠ በለስ፦ ጥቂት ቅጠል ብቻ ቀርቶታል፤ አዲስ የሚያወጣው ትንሽና ቀጭን ነው።

ጥላ የያዘው በለስ፦ ቅጠሉ ጠብቦና ረዝሞ፣ ቀለሙ ገርጥቶ ብርሃን ወዳለበት ያዘነብላል።

አንድ ተክል ሁለት ችግር አንድ ላይ ሊኖርበት ይችላል። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ ብስባሹን ወይም ተባዩን አስወግዱ፤ የውሃው ነገር ከዚያ በኋላ ይታያል።

3. መልሶ የማዳን ሥራ

3.1 የጠማውን በለስ

ሥሩ ሕያው ከሆነ ይህ ከሁሉም ቀላሉ ነው። በግንዱ ዙሪያ፣ ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ትንሽ ክብ ቦይ አውጡ። ማታ ወይም ማለዳ ላይ ለአንድ ትልቅ ተክል ግማሽ ጀሪካን፣ ማለትም 10 ሊትር ያህል ውሃ፣ ቀስ እያላችሁ በቦዩ አፍሱ። የእቃ ማጠቢያና የገላ መታጠቢያ ውሃ ብዙ ሳሙና ከሌለው ለዚህ ሊውል ይችላል። ውሃውን በግንዱ ላይ አታፍሱ።

ከዚያ ታገሡ። በየቀኑ ማጠጣት ክልክል ነው። አፈሩ በእጅ ጥልቀት ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ድረስ አትድገሙ። የሸበሸበው ቅጠል ቀስ በቀስ ሲሞላ ታያላችሁ። በቦዩ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ደረቅ ሣር ብታደርጉ እርጥበቱ ይቆያል፤ ሣሩ ግን ግንዱን እንዳይነካ ራቅ አድርጉት። በተዳፋት መሬት ላይ ያለ በለስ ከሆነ ከላዩ በኩል ግማሽ ጨረቃ የመሰለ የድንጋይ ክትር ሥሩለት። ቀጣዩ ዝናብ ሳይሸሽ ሥሩ ላይ ይቀርለታል።

3.2 ሥሩ የበሰበሰውን በለስ

የበሰበሰ ግንድ አይድንም። የሚድነው ከላይ ያለው ጤነኛ ቅጠል ነው። ስለዚህ ተክሉን ከነሥሩ ለማትረፍ ጊዜ ከማባከን ዘሩን ማትረፍ ይሻላል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

አንድ) ቢላዋውን በእሳት አግሉት ወይም በበረኪና እጠቡት። ከአንድ ተክል ወደ ሌላው ስትሄዱም ይህንኑ ድገሙ፤ ብስባሹ በቢላዋ ይዛመታልና።

ሁለት) ጠንካራና አረንጓዴ የሆነውን፣ ዕድሜው አንድ ወይም ሁለት ዓመት የሆነውን ቅጠል ከመገጣጠሚያው ላይ ቁረጡ። የተቆረጠው ፊት ውስጡ ንጹሕ መሆኑን እዩ። ቡናማ ነጠብጣብ ካለበት ወደ ላይ ከፍ ብላችሁ እንደገና ቁረጡ ወይም ጣሉት።

ሦስት) የተቆረጡትን ቅጠሎች አየር በሚያገኝ ጥላ ሥር፣ ሳይደራረቡ፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት አቆዩ። ቁስሉ ደርቆ ቅርፊት ሲይዝ ለተከላ ደርሷል። ብዙ ተከላ የሚከሽፈው ይህን ደረጃ በመዝለል ነው። ትኩስ ቁስል እርጥብ አፈር ውስጥ ከገባ እንደገና ይበሰብሳል።

አራት) የበሰበሰውን ክፍል ከማሳ አውጥታችሁ ቅበሩት ወይም አድርቃችሁ አቃጥሉት። በዚያው ጉድጓድ በለስ አትትከሉ። ውሃው የሚሄድበት ቦይ አውጡለት።

አምስት) አዲሱን ቦታ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ የደረቀና በደንብ የተብላላ ፍግ ከአፈር ጋር ቀላቅላችሁ አዘጋጁ። ቅጠሉን በተቆረጠው ጫፍ ከሲሶ እስከ እኩሌታው ድረስ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ። አንዱ ሰፊ ገጽ ወደ ፀሐይ መውጫ፣ ሌላው ወደ መግቢያ ቢዞር በማለዳና በማታ በደንብ ብርሃን ያገኛል።

ስድስት) እንደተከላችሁ ውሃ አታጠጡ። ቅጠሉ በራሱ ውሃ ሥር ያወጣል። ለአካባቢያችን ምቹው ጊዜ የግንቦት መጨረሻና የሰኔ መጀመሪያ፣ ዝናቡ ሳይበረታ ነው።

3.3 የተቆረጠና የተጋጠ በለስ

ይህ በለስ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ዕረፍት ነው። ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምትና በጋ ሳይቆረጥ ይቆይ። በእሾህ ወይም በድንጋይ አጥር ከፍየልና ከከብት ጠብቁት። ክረምት ሲገባ ለእያንዳንዱ ተክል አንድ ወይም ሁለት አካፋ የተብላላ ፍግ ወይም ኮምፖስት ከግንዱ ራቅ አድርጋችሁ ስጡት። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል።

3.4 ጥላ የያዘው በለስ

የሚያጠላበትን ቅርንጫፍ አሳሱ። የበለሱንም ጥቅጥቅ ያለ ውስጥ አየር እንዲገባው አድርጋችሁ መልምሉ። ይህ ተባዩን ለማየትም ያመቻል። በጥላ ያደገን ተክል ግን በአንድ ቀን ለጠራራ ፀሐይ አታጋልጡት፤ ገላው ይቃጠላል።

4. ኮቺኒል፦ ዋናው ሥጋት

በለስም ኮቺኒልም የመጡት ከአሜሪካ አህጉር ነው። ነፍሳቱ ለምግብና ለመዋቢያ የሚውል ቀይ ቀለም ስለሚሰጡ በአንዳንድ አገሮች ሆን ተብለው ይረባሉ። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለቀለም ምርት ተብለው ወደ ትግራይ ገቡ። ነገር ግን ከቁጥጥር ወጥተው በደቡብና በምሥራቅ ትግራይ የብዙ ቤተሰብ ምግብ፣ መኖና ገቢ የነበረውን በለስ አጠፉ። በማዳጋስካር ደቡብም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ እንዲህ ያለው ነፍሳት ተለቆ ከብት አርቢው ሕዝብ የሚመካበት በለስ በጥቂት ዓመት ውስጥ ጠፋ፤ ከብቱም ሰውም ተራበ። እኛም ከትግራይ ሩቅ አይደለንም። ስለዚህ ጉዳዩን የሩቅ አገር ወሬ አድርገን ማየት አይገባንም።

እንዴት ይዛመታል? ሴቷ በቅጠሉ ላይ ተለጥፋ ጭማቂውን ትመጣለች፤ ከተለጠፈች በኋላ አትንቀሳቀስም። የሚጓዙት ገና የተፈለፈሉት ግልገሎች ናቸው። ከዓይን የሚሰወሩ ያህል ትናንሽ ስለሆኑ በነፋስ፣ በከብት ጠጉር፣ በልብስና በመሣሪያ ይወሰዳሉ። ከሁሉም በላይ የሚያዛምታቸው ግን ሰው ለተከላ ወይም ለመኖ ብሎ ከሩቅ ተሸክሞ የሚያመጣው ቅጠል ነው። ሞቃትና ደረቅ ወቅት ይመቻቸዋል፤ ኃይለኛ ዝናብ ግን ብዙዎቹን ያጥባቸዋል።

ለመከላከል፦
• የመትከያ ቅጠል ከራሳችሁ ወይም ከምታውቁት ጤነኛ ማሳ ብቻ ውሰዱ። ከተጠቃ አካባቢ ቅጠልም ሆነ ያልተጠረገ ፍሬ አታምጡ።
• ከሌላ ቦታ የመጣ ቅጠል ካለ ከበለሳችሁ አርቃችሁ ቢያንስ ሦስት ወር ለይታችሁ እዩት።
• ከጥቅምት እስከ ግንቦት በየሁለት ሳምንቱ አጥራችሁን ዙሩ። በመንገድ ዳርና ከብት በሚያልፍበት በኩል ያለውን አስቀድማችሁ እዩ።

ነጩ ነገር ከተገኘ፦
• በዚያው ቀን ለቀበሌው የግብርና ልማት ባለሙያ አሳውቁ። መደበቅ ጎረቤትን መጉዳት ነው።
• ጥቂት ቅጠል ብቻ ከተያዘ ቆርጣችሁ ከቦታው ሳይርቅ ቢያንስ ግማሽ ሜትር በጠለቀ ጉድጓድ ቅበሩ። በመንገድ እየጎተታችሁ አትውሰዱት።
• በቀረው ተክል ላይ ያለውን በጠንካራ ብሩሽ ወይም በመጥረጊያ፣ በልብስ ሳሙና ውሃ እያሻችሁ እጠቡ። ሳሙናው ነፍሳቱን የሚጋርደውን ሰም ያላላዋል። በየሳምንቱ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ድገሙት፤ አንድ ጊዜ ብቻ ማጠብ ተደብቀው የቀሩትንና በኋላ የሚፈለፈሉትን አያጠፋም።
• ሥራው ሲያልቅ ልብስና መሣሪያችሁን እጠቡ፤ ወደ ጤነኛው በለስ በዚያ ቀን አትግቡ።
• ባለሙያ ሳያዝ ፀረ ተባይ ኬሚካል አትርጩ። ፍሬው ለሰው፣ ቅጠሉ ለከብት ነው።

5. ለመኖ ሲቆረጥ ተክሉ እንዳይጎዳ

የሚቆረጠው በበጋ ነው፤ በዝናብ ጊዜ ቁስሉ አይደርቅም። ከመገጣጠሚያው ላይ በስለታም ቢላዋ ቁረጡ እንጂ አትገንጥሉ። ከመሬት ጀምሮ ያሉትን የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ቅጠሎች በፍጹም አትንኩ፤ ሌላው ሁሉ የሚበቅለው ከእነርሱ ነው። ከአንድ ተክል በአንድ በጋ ከሲሶው በላይ አትውሰዱ።

እሾኹን በነበልባል ለብልቡ፤ የማይታየው ጥቃቅን እሾህ የከብቱን አፍና አንጀት ይጎዳል። ቀጥሎ በትንሹ ቆራርጡ። በለስ ውሃና ኃይል ሰጪ እንጂ ሙሉ መኖ አይደለም፤ የገንቢ ምግብ ይዘቱ ዝቅተኛ ነው። ብቻውን ከተሰጠ ከብቱን ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ከጤፍ ጭድ ወይም ከማሽላ አገዳ ጋር፣ ከተገኘም ከሽምብራ ገለባ ጋር ቀላቅሉ። በትንሹ ጀምራችሁ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ጨምሩ። በዚህ መንገድ የተያዘ በሬ በሰኔ ቀንበር ሲጫንበት ጉልበት ይኖረዋል፤ የመጠጥ ውሃ ፍለጋ የሚደክመውም ይቀንሳል።

6. ሬት፣ ቁልቋልና ቅንጭብ

ሬትም በቅጠሉ ውሃ ያስቀምጣል፤ ምርመራውም ተመሳሳይ ነው። ቅጠሉ ቀጥኖ ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ጠምቶታል፤ ከሥሩ ለስልሶና ቡናማ ሆኖ ከወደቀ ውሃ በዝቶበታል። የበሰበሰውን ቆርጣችሁ ከጎኑ የወጡትን ጤነኛ ግልገሎች ነቅላችሁ፣ ጥቂት ቀን በጥላ አድርቃችሁ በጠጠርማ አፈር ትከሉ። ከተራራ የበቀለውን ሬት ግን አትንቀሉ።

ቁልቋልና ቅንጭብ ለአጥር ይሁኑ እንጂ መኖ አይደሉም። ነጭ ወተታቸው ቆዳ ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ስትቆርጡ ፊታችሁን አዙሩ፣ ልጆችን አርቁ። ዓይን ከነካ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ እያጠባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

7. ጥንቃቄ፦ በለስ ያለ ጠባቂ አይለቀቅ

ያልተጠበቀ በለስ የግጦሽ መሬት ወራሪ ይሆናል። አውስትራሊያ ውስጥ ሰፊ መሬት ሸፍኖ ገበሬውን አፈናቅሎ ነበር። ስለዚህ የተቆረጠ ቅጠል በወንዝ ዳር፣ በወል ግጦሽና በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አዋሳኝ አትጣሉ፤ የወደቀ ቅጠል ሁሉ ሥር ያወጣል። የምትተክሉት በጓሮ፣ በአጥርና ልትጠብቁት በምትችሉት ቦታ ብቻ ይሁን።

8. የወራት ሥራ

• መስከረምና ጥቅምት፦ ከዝናብ በኋላ የሥር ብስባሽ ምርመራ፤ የሚተኛ ውሃን ማስወጣት።
• ከኅዳር እስከ ጥር፦ የኮቺኒል ቅኝት፤ ጥላ የሚያጠላ ቅርንጫፍ ማሳሳት።
• ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፦ ለመኖ በልክ መቁረጥ፤ የጠማውን በቁጥጥር ማጠጣት።
• ግንቦት፦ የመትከያ ቅጠል ቆርጦ ማድረቅ፤ ፍግና ጉድጓድ ማዘጋጀት፤ በወሩ መጨረሻ ተከላ መጀመር።
• ሰኔ፦ ተከላውን መጨረስ፤ ፍግ መስጠት።
• ሐምሌና ነሐሴ፦ ቦይ መጥረግ፤ አለመቁረጥ።

9. የተግባር ልምምድ

በማሠልጠኛ ማዕከሉ ወይም በአንድ አባል ጓሮ በቡድን ሁኑ። ሦስት የተጎዱ በለሶችን መርጣችሁ እዩ፣ ጫን በሉ፣ ቆፈር አድርጉ። እያንዳንዱ ሰው የጉዳቱን ምክንያት ከሌላው በፊት ለብቻው ይወስን፤ ከዚያ ተነጻጽራችሁ ተከራከሩ። ባልተስማማችሁበት ላይ ትንሽ ቆርጣችሁ ውስጡን በማየት ለዩ። ውሳኔያችሁን በመዝገብ ጽፋችሁ ከአንድ ወር በኋላ ተመልሳችሁ ተመልከቱት።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1) ቅጠሉ የተሸበሸበ፣ አፈሩ ግን እርጥብ የሆነ በለስ ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ? ለምን?
2) ጎረቤት ከሩቅ የመጣ የበለስ ቅጠል በነጻ ቢሰጣችሁ ምን ትጠይቁታላችሁ?
3) በቀበሌያችሁ የበለስ አጥር በአንድ ዓመት ቢጠፋ ከብቶቻችሁ ሚያዝያና ግንቦትን በምን ያልፋሉ?

ማጠቃለያ

በለስ ብዙ ድካም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው በየጊዜው መታየትን ነው። የጠማውን አጠጥታችሁ ተዉት። የበሰበሰውን ቆርጣችሁ፣ አድርቃችሁ እንደገና ትከሉት። በላዩ ነጭ ነገር ያያችሁበትን በዚያው ቀን ተናገሩ። የተቆረጠውን አሳርፉት። ከዚህ ሥልጠና ስትመለሱ የመጀመሪያው ሥራችሁ የራሳችሁን አጥር አንድ ዙር ዞሮ ማየት ይሁን፤ ሁለተኛው ደግሞ አንድ ጎረቤት ጠርቶ ያያችሁትን ማሳየት።